መካኒኩ ዲስክ ያጠበበ ዕለት

መካኒኩ ኮምፒውተር የተማረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። አስተማሪ አልነበረውም፤ የነበረው አንድ የተበላሸ ኮምፒውተርና ብዙ ትዕግሥት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ገና ከበር ላይ ሆኖ የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ የቱ ጥርስ እንደተበላ የሚናገር ሰው ነው። ይህንንም ራሱ ደጋግሞ ስለሚያወራው በሰፈሩ የማያውቅ የለም።

የሚስቱ ታላቅ እህት ደንብ ልብስ የሚሰፋበት ቤት አላት። ጨርቁን የምትቆርጠው ራሷ ናት። የሃያ ዓመት ንድፎቿ በአንድ ያረጀ ፕሮግራም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያኔ መላ የዘየደው መካኒኩ ነበር። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም፣ አዘጋጀና አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ አስገባው። ስድስት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ሲያመሰግኑት «ኧረ ምን አደረግሁ» ይላል፤ ካላመሰገኑት ግን ያኮርፋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ቀጥ አለ። ፋይሉ እያበጠ፣ እያበጠ ሄዶ የኮምፒውተሩን ዲስክ ሞልቶታል። የአንድ ትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሐሙስ መቆረጥ አለበት። ንድፎቹ ቢጠፉ እህትየዋ ሁሉንም እንደገና በእጇ ልትነድፍ ነው፤ ጣቶቿ ደግሞ ከሁለት ዓመት ወዲህ እርሳስ መጨበጥ እምቢ ብለዋታል።

«ውስጡን ጠራርጌው ነበር እኮ» አለ መካኒኩ። «ስልሳ ጊጋ የማይረባ ፎቶ አጥፍቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቀነሰም?»

«እትዬ፣ ይሄ እንደ ሱሪ ነው። ሰውየው ከሳ ተብሎ ሱሪው በራሱ አይጠብም።»

«እንግዲያው አጥብበው። ደግሞ ሱሪ ማጥበብ አንተ ልታስተምረኝ?»

መካኒኩ ማሽኑን በወጉ አጠፋው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ሰብስቦ አርባ ጊጋ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ፋይሉን ከውጭ አርባ ላይ መቁረጥ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ንድፍም ፕሮግራምም አብሮ ይቆረጣል። ይህን አሳምሮ ያውቃል። እጅጌውን ሰብስቦ ሊጀምር ሲል እህትየዋ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኮፒ አለው?»

«እትዬ፣ እጄን ያውቁት የለ እንዴ?»

«እጅህንማ የሳሎኔን በር ያስተካከልክልኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ይኸው እስከ ዛሬ በትከሻዬ ነው የምከፍተው።»

መካኒኩ የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ አወረደ።

«በዚህ ቤት የደንበኛ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ለሙከራ አቡጀዲ ይቆረጣል» አለች። «አንተም አቡጀዲህን አምጣ።»

ቅር እያለው ቤቱ ሄዶ ሰፊ ቦታ ያለው ተንቀሳቃሽ ዲስክ አመጣ። ፋይሉን ወደዚያ መገልበጡ እስከ እኩለ ቀን ፈጀ። ይህን ያህል ጊዜ የባከነው ለአጉል ጥንቃቄ መሆኑን ሦስት ጊዜ ተናገረ። እህትየዋ ሦስቱንም ጊዜ አልሰማችም፤ ቁልፍ ትተክል ነበር።

ከዚያ ኮፒውን ውስጡን ሰበሰበ፣ ከውጭም ቆረጠ፣ ከፈተ። ጥቁር ስክሪን መጣ፤ የዲስኩ መጨረሻ አልተገኘም የሚል አንድ ነጭ መስመርም አብሮ። መካኒኩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው። ጽሑፉ ያው ነው።

እህትየዋ መርፌዋን አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«አቡጀዲው ተበላሸ» አለች በመጨረሻ። «ጨርቁ ግን አለ። ለመሆኑ ስንት ላይ ቆረጥከው?»

«አርባ ላይ። ውስጡም አርባ ነው፤ ልክ በልክ።»

«በአንድ ሜትር ነው የለካኸው?»

«እንዴት ማለት?»

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አወረደችና መሳቢያ ውስጥ ካለ አሮጌ ሜትር ጋር ጎን ለጎን ዘረጋችው። አሮጌው ከብዙ መጎተት የተነሳ በጣት ያህል ረዝሟል። ሁለቱም ላይ ግን መቶ ተብሎ ተጽፏል።

የመካኒኩ ጆሮ ጋለ። ውስጡን የሚሰበስበው ፕሮግራም ጊጋን የሚቆጥረው ሺህ ሃያ አራት በሺህ ሃያ አራት ነው፤ ከውጭ የሚቆርጠው ደግሞ ሺህ በሺህ። የውስጡ አርባ ከውጭው አርባ ይበልጣል፤ ከጫፉ ሦስት ጊጋ ያህል በመቀስ ሄዷል ማለት ነው። የማያውቀው ነገር ቢሆን ባልቆጨው። ለሚስቱ ሳይቀር፣ ሳትጠይቀው፣ በሰፊው አስረድቷት ነበር።

«ደግሞስ የስፌት ትርፍ የት አለ?» አለች እህትየዋ። «ልክ በልክ የሚቆርጥ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ቀጥሬ ነበር። አንድ ሳምንት ነው የቆየው።»

«እኔን ግን ሃያ ዓመት ችለውኛል።»

«አንተን ምን ላድርግህ? እህቴ መረጠችህ።»

ማክሰኞ እንደገና ከዋናው ገለበጠ። ውስጡን አርባ ላይ ሰበሰበና ከውጭ አርባ አምስት ላይ ቆረጠ። ሲከፍተው አሮጌው ፕሮግራም ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ አለ። መካኒኩ የተረፈውን ቦታ ለውስጡ መልሶ ሰጠውና ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ምስጋናውን ለመቀበል ፊቱን አስተካክሎ ጠበቀ።

«ገና ነው» አለች። «የሦስተኛ ክፍሎችን እጅጌ አትምልኝ።»

ወረቀቱ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከትከሻው እስከ ክንዱ ጫፍ ለካች፣ ብብቱን ለካች፣ ወረቀቱን አዙራ እንደገና ለካች። መካኒኩ ትንፋሹን ይዞ ጣቶቿን ብቻ ያያል።

«ልክ ነው» አለች።

«እንግዲያው ዋናውን ልሰርዘው? ኮምፒውተሩ እንዲተነፍስ።»

«መጀመሪያ እንዳለ ያንተ ዲስክ ላይ ይገልበጥ፤ እዚያ ሳይነካ ይቀመጥ። ልብሱ ተሰፍቶ ልጆቹ ላይ ሳየው፣ ከዲስኩም የሚጠፋበትን ያኔ እነግርሃለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከራት ነበር። አሁን ግን ዋናውን እስከ መጨረሻው ወደ ዲስኩ ገለበጠ፣ ኮፒውን ከፍቶ መሥራቱን አየ፣ ዋናውን ከኮምፒውተሩ ሰርዞ የጠበበውን በቦታው አስገባ፣ ከዚያም ዲስኩን ነቅሎ አስረከባት። እሷም በአቡጀዲ ጠቅልላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።