አባቴና ነጩ አስፓራገስ

አባቴ ዓይናቸው ሲደክም ከደብረ ኤልያስ ወደ እኔ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ መጡ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያረሱ ሰው ስለሆኑ፣ ከዓይናቸው ይልቅ ሥራ መፍታቱ ነበር የሚያማቸው።

በጓሮዬ ከሦስት ዓመት በፊት ከዘር ያበቀልኩት ሁለት መደብ አስፓራገስ፣ ቡቃያው ተቀቅሎ የሚበላ የፈረንጅ አትክልት፣ አለኝ። አንዱ ፀሐይ እያየ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ሌላውን እንደ ድንች አፈር አስታቅፈዋለሁ፤ ብርሃን ያላየው ቡቃያ ነጭ ሆኖ ያድጋል። ነጩ መቆረጥ ያለበት ጫፉ ከአፈር ብቅ ሳይል ነው። እኔ ግን የአፈሩን ስንጥቅ ቶሎ ስለማላየው፣ ብዙ ጊዜ ጫፉ ብርሃን አግኝቶ ወይን ጠጅ ቀለም ይይዝብኝ ነበር።

አንድ ማለዳ ጉሙ ገና ጓሮው ላይ ተኝቶ ሳለ አባቴን እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ተንበርክከው አፈሩን እንደተኛ ሕፃን ጀርባ ቀስ ብለው ዳበሱት።

«እዚህ ጋ አበጥ ብሏል» አሉኝ።

ስቆፍር ወፍራም ነጭ ቡቃያ አገኘሁ። ጉሙ እስኪገፈፍ አሥራ አንድ አገኙ፤ እኔ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። ጊዜው የቆመ ይመስል ነበር።

ነጩን ልጬ፣ አረንጓዴውን እንዳለ ቀቅዬ አቀረብኩላቸው። አረንጓዴውን ቀምሰው «ይሄ ሣር ሣር ይላል» አሉ። ነጩን ግን ረዥም ጊዜ አኘኩት።

«እንዴት ነው፣ አባባ?»

«ለስላሳ ነው፤ ጣፈጥ፣ መረር ይላል። ነገ በጊዜ ቀስቅሰኝ።»

መቀስቀስ አላስፈለገኝም። በማግስቱ ስነሳ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጥተው፣ ሦስት ቡቃያ አጠገባቸው አስቀምጠው አራተኛውን ሲፈልጉ አገኘኋቸው።