ጎል አግብቶ ይቅርታ ጠያቂው

በሊጉ ውስጥ አሥራ ሁለት ክለቦች አሉ። ሻንጣው በአሥራ አንዱ ተጫውቷል። «ተጫውቷል» ማለት እንኳ ቸርነት ነው፤ በሦስቱ ተቀምጧል፣ በሁለቱ ጉልበቱን ታክሟል፣ በአንዱ ደግሞ ማልያ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ወጥቷል። እናቱ ስም ካወጣችለት ሠላሳ አምስት ዓመት ቢያልፍም የሚጠራበት የለም። ሰፊው ደጋፊ በአንድ ድምፅ ሻንጣው ብሎታል፤ ሰፊው ደጋፊ ደግሞ በሌላው ነገር ሁሉ ቢሳሳትም በቅጽል ስም ተሳስቶ አያውቅም።

የዚህ ሰው መከራ ጎል አለማግባቱ አይደለም። አልፎ አልፎ ያገባል፤ ኳስም አንዳንዴ ሰው ታሳዝናለች። መከራው ካገባ በኋላ ነው የሚጀምረው። አጥቂ የቀድሞ ክለቡ መረብ ላይ ሲያስቆጥር መጨፈር የለበትም፤ እጁን አጋጥሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ማን እንዳወጀው የማይታወቅ ሕግ ነው። አንድ ወይም ሁለት የቀድሞ ክለብ ላለው ሰው ምንም አይጎዳም። ሻንጣው ግን ከአሁኑ ክለቡ ሌላ አሥር አለው። በየሳምንቱ የሚገጥመው የቀድሞ ጌታውን ነው። ያስቆጠረ ዕለት መርዶ የተነገረው ይመስላል።

አንድ ጊዜ ካገባ በኋላ እንዲሁ ቆሞ ሲያዝን የተጋጣሚው በረኛ ኳሱን ከመረብ እያወጣ ጠየቀው።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ክለቤ ነበራችሁ፤ አክብሬያችሁ ነው።»

«መቼ?»

«ካቻምና። አሥራ ዘጠኝ ቀን።»

«አሃ፣ እኔ ፈቃድ ላይ ነበርኩ» አለው በረኛው፤ ኳሱንም ወደ መሐል ለጋው።

ቤቱም ከዚህ ሕግ አላመለጠም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ መጣል አትወድም። የሦስተኛው ክለብ ማልያ የካውያ ጠረጴዛዋን አለበሰ፤ የሰባተኛው የትራስ ልብስ ሆነ፤ የአምስተኛው ደግሞ መስኮት መወልወያ። ሻንጣው መስኮቱ በተወለወለ ቁጥር ወንበሩን አዙሮ ይቀመጣል። ከተማ በለወጡ ቁጥር ዕቃ ስታስር የምትውለው አማቱ ናት፤ ገመዱን በጥርሷ እያጠበቀች «ልጄን ለሰው የዳርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለአውቶብስ ነው» ትላለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሻንጣው ላይ ይቀመጥበታል፤ አለዚያ አይዘጋም።

ጆሮ ዳባ ሊያለብሳት ያልቻለው ልጁን ነው። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስታዲየም መግባት ከጀመረች ሦስት ዓመት። በነዚህ ሦስት ዓመታት አባቷ ስምንት ጎል አገባ፤ ስምንቱም የቀድሞ ክለቦቹ ላይ። ስምንት ጊዜ አባቷ ሕዝብ ፊት አንገቱን ሲደፋ አይታለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ የወላጅ ሥራ ተናገሩ ስትል ልጅቱ ተነሥታ «የአባቴ ሥራ ይቅርታ መጠየቅ ነው» አለች። ማታ ራት ላይ ነገሩ ተነሣ።

«አባዬ፣ ጎል ማግባት ነውር ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ የኔ እናት!»

«ታዲያ ለምን ታፍራለህ?»

ሻንጣው ስለ ክብር፣ ስለ ሙያ፣ ስለ ቀድሞ ደጋፊ ያለውን የማያወላውል አቋም ዘረዘረ። ልጅቱ እስኪጨርስ ጠበቀችና «የማታፍርባቸው የሉም?» አለች።

አንድ ክለብ ነበር። አሥራ ሁለተኛው፤ ሻንጣውን ለማስፈረም ያልታደለ፣ ወይም ባለማስፈረሙ የታደለ፤ እንደ አስተያየቱ ነው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታም ከእሱ ጋር ነበር። «እነሱ ላይ ካገባሁ እጨፍራለሁ» አላት።

«ማልልኝ።»

«እናትሽ ትሙት!»

ባለቤቱ ሳህን እያነሣች «ራስህ ሙት» አለችው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው ወኪሉ መጣ፤ ይህ ወኪል የሚባለው ሰው ሁለት ስልክና አንድ ጃኬት ያለው፣ የሌላውን ሰው ጉልበት የሚሸጥ ፍጡር ነው። ክለቡ ውሉን እንደማያድስለት አረዳው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«አሥራ ሁለተኛው ይፈልግሃል። ለሁለት ዓመት። ሰኞ ትፈርማለህ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«ጉልበትህን አላዩም፤ ፎቶህን ነው ያዩት። አንድ ነገር ብቻ፦ ፕሬዚዳንቱ እሑድ ክቡር ትሪቡን ይቀመጣሉ። ብታገባባቸውም አንገትህን ደፋ አድርግላቸው።»

«ገና ክለቤ አይደሉም እኮ!»

«ቀብድ በለው።»

በኳስ ታሪክ ውስጥ ላልተጫወቱበት ክለብ በቅድሚያ ያዘነ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ። ሻንጣው ግን አሰበበት። ከሠላሳ አምስት ዓመቱና ከጉልበቱ ጋር ሌላ የሚወስደው ክለብ አልነበረም፤ የሊጉ ክለቦች አልቀውበታል። ባይፈርም ከኳስ ሌላ የሚያውቀው ዕቃ ማሰር ብቻ ነው። ቢፈርም ደግሞ ልጁ አባቷ ሲጨፍር የምታይበት ክለብ በዓለም ላይ አይተርፍም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ የእሱ አንዱ እግር ደግሞ ያብጣል።

እሑድ በሠላሳኛው ደቂቃ ከዳኛው ጋር ተሟግቶ ቢጫ ካርድ አየ። በሰባ አንደኛው የተሻገረች ኳስ መጣችና ያንኑ በሽተኛ ጉልበቱን መትታ መረብ ውስጥ ገባች። አስቦ አይደለም፤ ቢያስብ ኖሮ ትወጣ ነበር። እንደ ልማዱ ሁለት እጁ ተገጣጠመ፣ አንገቱ መውረድ ጀመረ። አንገቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ቀና ብሎ ልጁን ፈለጋት። ወንበር ላይ ቆማለች። ግን አትጨፍርም፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፍናለች፤ ለዘጠነኛው ኀፍረት ተዘጋጅታ በጣቶቿ መሐል ታያለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሜዳው እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሻንጣው ሮጠ። በአሥራ አንድ ክለብ ያልታየ ሩጫ ሮጠ። ማልያውን አውልቆ ወረወረ፣ በጉልበቱ ተንሸራተተ፣ የማዕዘኑን ባንዲራ አቅፎ ሳመ፣ የማስታወቂያውን ሰሌዳ ዘለለ፤ ከክቡር ትሪቡን ሥር ሲደርስ ፕሬዚዳንቱ ፊት ወገቡን ይዞ ተወዛወዘ። ጓደኞቹ ለምን እንዳልተከተሉት ለማየት ዞር ያለው አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።

የመስመር ዳኛው ባንዲራውን እንዳነሣ ነበር። ከጨዋታ ውጭ። ክንዱ ደክሞት በሌላው እጁ ደግፎታል።

ዳኛው አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ጠበቀው። ጎሉ ይሰረዛል፣ ማልያ ማውለቅ ግን አይሰረዝም፤ ሁለተኛ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ። ተጋጣሚም ወገንም አብሮ ሳቀ፤ ሜዳው እንዲያ ተስማምቶ አያውቅም።

መልበሻ ክፍል በር ላይ ወኪሉ ሁለቱንም ስልክ ይዞ ጠበቀው።

«ፕሬዚዳንቱ ውሉን ቀደዱት!»

«ገና አልተጻፈም እኮ።»

«ባዶ ወረቀት አስመጥተው ቀደዱ!»

ልጅቱ በወኪሉ ብብት ሥር ሾልካ መጣች። ያየችውን ሁሉ ለሚያውቀው ሰው መልሳ ተረከችለት፤ ዝላዩን፣ ባንዲራውን፣ ወገቡን። ጎሉ እንዳልተቆጠረ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ስለ መስመርና ስለ መጨረሻው ተከላካይ። አልሰማችውም፤ የወገቡን ውዝዋዜ እያሳየችው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ወሬ አልተፋታችም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ «አባቴ ይቅርታ መጠየቁን ተወ፤ ተባረረ» ብላ ደስ ብሏት አወራች።

ወሬው ርእሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። የስፖርት መምህሩ ጡረታ ወጥተው ቦታው ባዶ ስለነበር ሻንጣውን ጠሩት፤ ሌላ ማን ይመጣል! አማቱ ዜናውን ስትሰማ «በእግሩ የሚሄድበት ሥራ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሦስት መንገድ ተሻግሮ መሆኑ ሲነገራት የዕቃ ማሰሪያውን ገመድ ግቢ ውስጥ ወጥራ ልብስ አሰጣችበት።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤቱ ልጆች የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን ዘጠኝ ለአንድ ተሸነፉ። ኳስ እንዴት እንደሚመታ ገና አልደረሱበትም፤ አዲሱ የስፖርት መምህር ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው የጀመረላቸው። ለአንዷ ጎል በጉልበት ተንሸራተቱ፣ ባንዲራውን ሳሙ፣ ስድስት ደቂቃ ጨፈሩ። መምህሩ ከሁሉ ፊት ነበር። ከመንሸራተት የተነሣው ግን በሰው ድጋፍ ነው።