ለፕሬዝዳንቷ የጻፍኩት ማመልከቻ

ዜናውን የሰማሁት በርበሬ በረንዳ፣ እማዬ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። የተማርኩት ሕዝብ አስተዳደር ነው። ሥራ ስላላገኘሁ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ አይቼ ስመለስ ከእማዬ ጋር እውላለሁ። እውላለሁ ልበል እንጂ ብዙም አልጠቅማትም ነበር። ዋጋ መጥራት ያሳፍረኛል። ደንበኛ "ስንት ነው?" ሲለኝ ወደ እሷ አያለሁ። "አፏን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ረስታው መጣች" ትላለች እማዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ደጃፉ ላይ በተዘረጋው ሸራ ዙሪያ ሰባት ስምንት ሴቶች ተቀምጠው ዛላ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረዋል። ከሱቁ ውስጥ ሬዲዮው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አዲስ ፕሬዝዳንት መምረጣቸውን ተናገረ። የተመረጡት ሴት ናቸው፤ በዚህ ወንበር ላይ ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያው ነው። አንዷ ቀንጣሽ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ እልል አለች። በርበሬው ጉሮሮዋን ያዛትና እልልታው በሳል አለቀ። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እነሱም አሳላቸው።

ከጎናችን ያለው ባለወፍጮ ቅንድቡ በበርበሬ ዱቄት እንደቀላ ብቅ አለ።

"ምንድን ነው? ማን ተዳረ?"

"ሴት ቤተ መንግሥት ገባች!"

"ጎሽ። እንግዲህ በርበሬው ራሱን ይቀንጥስ፣ እናንተ ተነሱና ሂዱ።"

"ቅናት ነው፣ ቅናት!"

"ምን ያስቀናኛል? ሥልጣኑ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። እሷ የአምባሳደር ደብዳቤ ትቀበላለች፣ ሪባን ትቆርጣለች፣ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ ትላለች። በቃ።"

ፊት ለፊታችን ኮረሪማና ዝንጅብል የሚሸጡት ሽማግሌ ከመደብራቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ። "እኔ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ለነሱ ደስ ብሎኛል" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኛን ጠይቀውን ቢሆን ኖሮ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር" ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ። ከቀንጣሾቹ አንዷ እጇን ከሥራው አላነሳችም። "እኔን እየደበደበች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ሴት ስለሆነች ብቻ እልል አልልም" አለች። እማዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።

እኔ አለቀስኩ። በርበሬ በረንዳ ላይ ማንም ማንንም ለምን ታለቅሳለህ ብሎ አይጠይቅም። ለምን እንዳለቀስኩ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ሰው ፊት ዋጋ እንኳን መጥራት የማልችል ልጅ፣ አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ቃለ መሐላ ስትፈጽም በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ያንን ደስታ አልክደውም። የከፋኝ ሌላ ነገር ነው፦ ባለወፍጮው ያለው ሁሉ ልክ ነበር። በፈተና ተጠይቄበት ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነገር ነው። ከሱ አፍ መውጣቱ ግን አናደደኝ።

በማግስቱ እትዬ ከደረታቸው አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። እትዬ ከቀንጣሾቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናቸው። እማዬ ሱቁን ከመክፈቷ በፊት ጀምሮ በዚያ ሠፈር በርበሬ ሲቀነጥሱ ኖረዋል። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱ ከወረዳ የመጣ ነበር። የሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ውል በሟች ባለቤታቸው ስም ስለሆነና እሳቸው የጋብቻ ማስረጃ ስላላቀረቡ ቤቱን እንዲያስረክቡ ያዛል። ከታች ቅሬታ ካለ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ለቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ ይቅረብ ይላል።

አነበብኩላቸው። "ቅሬታ ሰሚ የሚባል ክፍል አለ እትዬ" አልኩ።

"ሄጄ የለም እንዴ! አንዱ ወደ አንዱ እየላከኝ ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ። እኔና እሱ የተጋባነው በሽማግሌ ነው፤ ወረቀት ከየት አመጣለሁ? ወንዶቹ ይኼ አይገባቸውም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሁን ለሷ ጻፊልኝ።"

"ለማን?"

"ለፕሬዝዳንቷ ነዋ። ሴት ናት፣ ይገባታል።"

ሴቶቹ መቀንጠሳቸውን ትተው አዩኝ። "ጻፊላት እንጂ! ለዚህ አይደል የተማርሽው?" አሉ። ባለወፍጮው በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሏል። "ለፓትርያርኩም ግልባጭ አድርጊው" አለኝ።

በዚያች ደቂቃ ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ቤት የፕሬዝዳንቷ ሥራ አይደለም፣ ወደ ወረዳው እንሂድ። እሱን ብል ግን ከባለወፍጮው ጋር አብሬ እትዬ ላይ የሳቅሁ መሰለኝ። ሰባት ሴት እያየኝ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነበር። "እሺ" አልኩ።

ያን ቀን የጻፍኩትን ያህል ያማረ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። "እኔ አመልካች ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላው ማዕድ በርበሬ ቀንጥሼ፣ በጣቶቼ ጫፍ ላይ ቆዳ ሳይቀርልኝ" ብሎ የሚጀምር ነበር። ሴቶቹ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ኮረሪማ የሚሸጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ቀርበው ሰሙ። "ይኼን አንብባ ዝም ካለች ሴት አይደለችም" አለች ያቺ በአክስቷ የተማረረችው ራሷ። እማዬ ዞር ብላ ለደንበኛዋ፣ "ልጄ ናት" አለቻት። ይህን ሁሉ የማወራው ደስ ብሎኝ እንደነበር ላለመደበቅ ነው። የእትዬን አውራ ጣት በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ አስፈረምኳቸው። ቆዳው ከማለቁ የተነሳ አሻራው መስመር አልነበረውም፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ።

ደብዳቤውን አብረን ወደ ፕሬዝዳንቷ ጽሕፈት ቤት ወሰድነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጨዋ ነበረች። ተቀብላ ማህተም መታችና ለኔ ፈጠን ብላ፣ "ይመራል፣ ግን የቀበሌ ቤት እዚህ አይወሰንም። ቀነ ገደብ ካለው ወረዳችሁ ላይ ቅሬታ አስገቡ" አለችኝ። እትዬ የቢሮ ንግግር አልገባቸውም።

"ምን አለችሽ?"

"ይደርሳቸዋል አለች" አልኳቸው።

ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አባበልኩ፤ ይደርሳል ብላለችና። ማታ ቤት ገብቼ ለወረዳው ቅሬታ ሰሚ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ደረቅና አጭር ነበር፤ እትዬ ለጋብቻቸው ሁለት ምስክርና የእድር ደብተር ማቅረብ እንደሚችሉ ይገልጻል። ትክክለኛው ደብዳቤ ያ ነበር። የቀረው የእትዬ ጣት ብቻ ነው። ጣታቸውን ለመጠየቅ ግን የመጀመሪያው ደብዳቤ ለምን እንደማይበቃ መናገር አለብኝ። ሁለተኛው በቦርሳዬ ሆኖ ከኔ ጋር ይመላለስ ጀመር።

እትዬ ደግሞ ተለወጡ። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ይዘውታል። እየቀነጠሱ ይቀልዳሉ። ባለወፍጮው "እትዬ፣ መልስ መጣ?" ሲላቸው፣ "ለአንተ አይነገርም፣ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው" ይሉትና ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ስድስተኛው የሥራ ቀን አለፈ፣ ሰባተኛው አለፈ። በዘጠነኛው ቀን ልነግራቸው ቆርጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ቀደሙኝ፦ "ነገ ሚካኤል ነው፣ አልመጣም። ስለቴን አደርሳለሁ። ላንቺም እጸልያለሁ" አሉኝ። ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ። አሥረኛውን ቀን ቤተ ክርስቲያን ዋሉ።

የነገርኳቸው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ ከሱቁ ጀርባ፣ ጆንያ በተደረደረበት።

"እትዬ፣ የላክነው ደብዳቤ ቤቱን አያተርፍም። ፕሬዝዳንቷ ቤት ላይ ሥልጣን የላቸውም።"

"ማን አለ?"

"ሕጉ።"

"ሕጉ መቼ እንዲህ አለ?"

"ድሮም።"

"አንቺስ መቼ ሰማሽ?"

"ትምህርት ቤት።"

እጃቸው ላይ የነበረውን በርበሬ በቀሚሳቸው ጠረጉ። "ያ ባለወፍጮ ያለው እውነት ነበራ" አሉ።

"አዎ።"

"እሱስ ሳቀብኝ። ግን ነገረኝ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ፤ ሁለተኛውን ደብዳቤ አስፈርሜ ወረዳ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ቀኑን አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "ትናንት ቢመጡ ምን ነበረበት እማማ?" አለ። እትዬ ወደ እኔ አልጠቆሙም። "በዓል ነበር" አሉት፤ እሱም ደብዳቤውን ተቀበለ። እኔም ያን ጊዜ እንኳ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት አልቻልኩም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሥራ ሰዓት ሳነብ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በሱቁ ደጃፍ ስለ ፕሬዝዳንቷ የሚደረገው ወሬ ቀጠለ። አንዷ ንግግራቸውን በስልኳ ከፍታ ታሰማለች፣ ሌላዋ ሽሮ ተወደደ፣ እሱን ይንገሩን ትላለች። ባለወፍጮው ይተርባል። እኔን ሲጠይቁኝ "ጥሩ ነው" እላለሁ። ጥሩ መሆኑንም አምናለሁ። እትዬ ግን አስተያየት መስጠት አቁመው ነበር። እልል ያለችው ቀንጣሽ "ምነው እትዬ ከዱን?" ስትላቸው፣ "እሷ ምን አደረገችኝ? እሷን ማን ከሰሰ?" አሉ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ፤ እንድሰማም ነበር የተናገሩት።

የወረዳው መልስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መጣ። ሴቶቹ ከበቡን። ፖስታውን ቀድጄ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ እያልኩ ከላይ ልጀምር ስል እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"እንደዚያኛው ደብዳቤ እንዳታደርጊው። ክፉውን አስቀድሚ።"

ዓይኔን ወደ ታች ሰደድኩ። "'ቅሬታው የቀረበው ጊዜው ካለፈ በኋላ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም' ይላል፣ እትዬ" አልኩ። ከሸራው ማዶ ያለችው ቀንጣሽም ሰምታኛለች። ከሴቶቹ አንዷ "ወይኔ" አለች። ባለወፍጮው በሩ ላይ ነበር፤ ዞሮ ገባ።

"ቤቱን የምለቀው መቼ ነው? እሱንም አንብቢ" አሉ እትዬ።

ቀኑን ነገርኳቸው።