የሰባኪው ችሎት በፖስት ካርድ

መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ምስክር ሲናገር እጽፋለሁ፤ ጠበቃ ሲቃወም እጽፋለሁ፤ ዳኛው ሲያስሉ ብቻ እጄን አሳርፋለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ቀና ብሎ ያየኝ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። አልከፋኝም፤ ሥራው እንዲያ ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስመለስ አንዲት ፈረንጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ጓሳ ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የምታጠና፣ አማርኛ እየተኮላተፈች የምትናገር ሴት ናት። መኪናው ሲንገጫገጭ ከመጽሐፏ መሐል አንድ ካርድ ወደቀና ከእግሬ ሥር አነሣሁላት። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የወየበ አሮጌ ፖስት ካርድ ነው። ጥቁር የለበሰ ከሲታ ሰው ቆሟል፤ ረጃጅም ቆብ የደፉ ጳጳሳት ከበውታል።

«ችሎት ነው» አልኳት።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጸሐፊው ያውና።»

ከጠረጴዛው ጥግ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ሰው ነበር። ካርዱን ለዓመታት ይዛው ስትዞር እሱን ልብ ብላ እንደማታውቅ ነገረችኝ። የቆመው ሰው የአገሯ ሰባኪ ነው። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ግድም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አስተማረ፤ የኃጢአት ሥርየት በገንዘብ አይሸጥም ብሎም ካህናቱን ገሠጸ። በሰላም ሄደህ በሰላም ትመለሳለህ የሚል የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ ከችሎቱ ቀረበ። አልተመለሰም፤ በእሳት አቃጠሉት። ያ በጽሑፍ የተሰጠ ቃል መፍረሱ ከሁሉ ይልቅ ከነከነኝ። በአገሯ ይህን ችሎት ብዙ ሠዓሊ ሥሎታል፤ ድሮ በፖስት ካርድ እየታተመ ይሸጥ ነበር። ጓሳ ላይ ስትወርድ ካርዱን ለእኔ ሰጠችኝ።

አገሯ ከተመለሰች በኋላ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሌላ ካርድ ባገኘች ቁጥር በፖስታ አሽጋ ትልክልኝ ጀመር። እኔም ፖስታ ቤት መመላለስ ለመድኩ። ካርዱ እንደመጣ መጀመሪያ የምፈልገው ጸሐፊውን ነው። በአንዱ ወጣት ነው፤ በአንዱ ራሰ በራ። በአንዱ ብዕሩን አንሥቶ የተከሳሹን ፊት ያያል፤ ያን አብልጬ እወደዋለሁ። አንዱ ካርድ ላይ ጭራሽ ጸሐፊ አልነበረም። «ይህ ስብሰባ እንጂ ችሎት አይደለም» ብዬ ጻፍኩላት።

አሥራ አንድ ሲሞሉ ባለቤቴ ከጽድ እንጨት ሰፊ ፍሬም ሠራልኝ፤ መስታወትም አስገባበት። ብዙም ሳናስብ ሳሎን ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰቀልነው።

የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ የመጡ ዕለት ዐይናቸው ቀጥታ እዚያ ላይ አረፈ።

«ይህ ማነው ልጄ?»

«የውጭ አገር ሰባኪ ነው አባ። ሲፈረድበት ነው።»

«ሰማዕት ነው?»

«እኔ እንጃ። ጳጳሳቱ መናፍቅ ብለው ነው የፈረዱበት።»

ባለቤቴ የጠበሉን ዕቃ እንደያዘ አቀረቀረ። እኔም ተግሣጽ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና «ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ። መዝገብ እንደማነብ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ክሱን፣ ፍርዱን፣ ቅጣቱን።

«መልስ እንዲሰጥ ፈቀዱለት?»

«ሊመልስ ሲል ዝም በል ይሉት ነበር ይባላል።»

«ራሱ ላይ ያለውስ?»

«የወረቀት ቆብ ነው። ሰይጣን ሥለውበት ደፉበት።»

«በእኛም አገር ከንጉሥ ፊት ቆመው የተገረፉ መነኮሳት ነበሩ» አሉ። «ማን እንደተሳሳተ እሱ አንድዬ ያውቃል። ግን የተከሰሰ ሰው ይሰማል።»

ከዚያ ተነሥተው ቤቱን በጠበል ረጩ፤ መስቀል አሳለሙን። ሊወጡ ሲሉ ወደ ፍሬሙ አመለከቱ።

«ከሥዕለ ማርያም ሥር ግን አይሆንም። ወደዚያኛው ግድግዳ ውሰዱት።»

ባለቤቴ በዚያው ዕለት መዶሻ አንሥቶ ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀለው። እውነት ለመናገር ብርሃኑ እዚያ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ አባ ሲመጡ ደጅ ላይ ሰላምታ ሳንጨርስ «ከፈረንጇ ደብዳቤ መጣ?» ይሉኛል። እሳቸውም ከፍሬሙ ውስጥ አብልጠው የሚወዱት ካርድ አላቸው። ከኋላ ረድፍ አንድ ሽማግሌ ጳጳስ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

«እኚህ በፍርዱ አልተስማሙም» ይላሉ።

«ደክሟቸው ይሆናል አባ። ከመዝገብ የለም።»

«ሁሉ ነገር መዝገብ ላይ አይገኝም ልጄ።»

ባለቤቴ ቆሎና ጠላ ያቀርባል፤ እኛ እንከራከራለን። እንደዚያ ባለ ከሰዓት ከወንበሬ መነሣት አያሰኘኝም።

አሥራ ሁለተኛው ካርድ ባለፈው ጥቅምት መጣ። ፍሬሙ ላይ የቀረ ቦታ አለ፤ አባ ሳያዩት ግን ባለቤቴ መስታወቱን እንዳይከፍት ነግሬዋለሁ።