ከመስኮቱ ሥር የምትማረው አማት

ናሲዬኩ ማንበብ ልማር ብላ ስትነሳ ባሏ አልከለከላትም። ፍየሎቹም ለታናሿ ልጇ አደራ ተሰጥተው ነበርና የሚሉት አልነበራቸውም። እንቅፋቱ የመንደሩን ሴቶች የሚያስተምረው ሌንጌስ የትልቋ ልጇ ባል መሆኑ ነው። በኬንያዎቹ ሳምቡሩዎች ባህል አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መንገድ ላይ ቢገጣጠሙ አንዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። በመንደሩ ደግሞ ሌላ መምህር የለም።

ስለዚህ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትማር ጀመር። ክፍል ውስጥ የምትማረው ጎረቤቷ ናይሱላ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ካርቶን ላይ እየገለበጠች በመስኮት ትወረውርላታለች።

«አንቺ፣ ይሄ ፊደል ነው የግመል እግር?»

«በመስኮት እየመጣልሽ ደግሞ ታማርጫለሽ!»

ዓመቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪዋ ጁዲት ልትፈትን ከማራላል ከተማ መጣች። ያለፈች ሴት በወዲያኛው መንደር አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ እዚያ መምህሩ ሌላ ሰው ነው። ለናሲዬኩ ይህ ማለት እንደ ሰው ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።

ጁዲት የስም መጥሪያ መዝገቡን ገለጠች። «ናሲዬኩ የምትባለው ዓመቱን ሙሉ ቀርታለች። አትፈተንም።»

«አላየኋትም» አለ ሌንጌስ። «ያላየሁትን ሰው መጥታለች ብዬ አልጽፍም።»

«እና ያን ሁሉ ካርቶን በመስኮት ለፍየል ነው የወረወርኩት?» ብላ ጮኸች ናይሱላ።

ጁዲት መዝገቡን ይዛ በጓሮ ወደ መስኮቱ ሥር ዞረች። «እስቲ እናቴ፣ ይሄን አንብቢልኝ።»

ናሲዬኩ ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች። «ናሲዬኩ። ሰኞ፣ ቀረች። ማክሰኞ፣ ቀረች። ረቡዕ፣ ቀረች...» ቀና አለች። «ረቡዕስ ውሸት ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሠርግ ሄደው እኔን ብቻ ነው ያስተማረኝ።»

ጁዲት መዝገቡን አየች። የዚያን ረቡዕ ሁሉም ቀርተዋል። በመስኮቱ አንገቷን አስገባች።

«መምህር፣ ረቡዕ ማንን ነው ያስተማሩት?»

ሌንጌስ ጣሪያውን አየ። «ክፍሉን።»

«ባዶውን? ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

«ፕሮግራም ነው። አይዘለልም።»

ጁዲት የፈተናውን ወረቀት ለናሲዬኩ ሰጠቻት። ናሲዬኩም አለፈች።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር ወጣት ነው፤ ገና አላገባም። ናሲዬኩ ይህን እንደሰማች ባሏን አስቀምጣ ነገረችው።

«ያ መምህር ለታናሿ ልጃችን ሽማግሌ ቢልክ፣ ገና ተማሪ ናት በላቸው።»

«እሷ መቼ ትማራለች?»

«ከሰኞ ጀምሮ፣ ከእኔ ጋር። ፍየሎቹን አንተ ትይዛለህ።»