በአባቴ ፋንታ የበላሁባቸው ገናዎች

ልጅ ሳለሁ ገና ለእኔ የሥራ ቀን ነበር። ሌሎች ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ሲሯሯጡ እኔ በአባቴ ቀኝ ተቀምጬ እበላ ነበር። የምበላው ደግሞ የራሴን ድርሻ ብቻ አይደለም፤ የእሱንም ጭምር ነው። ይህን ያስታወሰኝ ዘንድሮ ከንጋት ጀምሮ ስልኬ ላይ ሲንጫጫ የዋለው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ነው። አንድ ወዳጄ የላከልኝ የሻማ ሥዕል ግርጌ ላይ የማላውቀው ሰው ስም ከነቤተሰቡ ተጽፎበታል። ሰውየው ለእሱ የላከለትን፣ እሱ ሳያነበው ለእኔ አሻግሮት ነው። ለሁሉም «አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ መለስኩ። የመለሰው ጣቴ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

በገና ማማረር የጀመርኩት ግን ስልክ ከመምጣቱ በፊት ነው። በዓሉ ሲቃረብ እማዬ ከከተማችን ከሆሳዕና ገበያ አንድ ዓይነት ጨርቅ ታስቆርጥና ለሁላችንም ከዚያው ታሰፋልን ነበር፤ ለሁለቱ ወንድሞቼ ሸሚዝ፣ ለእኔ ቀሚስ፣ ከተረፈ ደግሞ ለሶፋው ትራስ ልብስ። እንግዳ ሲመጣ እኔና ትራሱ አንድ ዓይነት ለብሰን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሳሎኑ ጥግ በቆመው የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ጥጥ እየተበጣጠሰ ይለጠፍና በረዶ ነው ይሉናል። እኛ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው፤ እሱን ማን ጌጥ እንዳደረገው እስካሁን አልገባኝም። በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ድራማ ላይ ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ በግ ሆኛለሁ። ሥራዬ ተንበርክኬ ሕፃኑን ማየት ብቻ ነበር። እረኛ አድርጉኝ ብዬ ጠይቄ አልሆነም፤ ለእረኛነት ቁመት ያንስሻል ተባልኩ።

ከሁሉ የከፋው ቤት ለቤት መዞሩ ነው። በእኛ አካባቢ ሰው የገና ዕለት የራሱን ቤት ምግብ በልቶ አርፎ አይውልም። ጎረቤት ይጠራል፣ የክርስትና አባት ይጠራል፣ ከአባቴ ጋር የሚያስተምር ይጠራል። የተገባበት ቤት ሁሉ ክትፎና ቆጮ፣ አይብና ጎመን ይቀርባል። «አሁን ከእነ እገሌ ቤት በልተን መምጣታችን ነው» ማለት አያድንም። «የእነሱን በላችሁ፣ የእኛንስ?» ይባላል። «በቃኝ» ከተባለ በኋላ ነው ዋናው መጨመር የሚጀምረው። «ይጨመርላት» የምትለዋን ቃል ከስድብ በላይ እጠላት ነበር።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከተማው መምህር ሀንዲኖ እያለ ያከብረዋል። ጨጓራው የታመመ ሰው ነው። ቂቤና ሚጥሚጣ ከቀመሰ ሁለት ቀን ታጥፎ ይተኛል። ታዲያ ለምን አይናገርም ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጨጓራ ተራ በሽታ አይደለም። የተቀየመው ሰው ቤት ገብቶ መብላት ያልፈለገ ሁሉ «ጨጓራዬን ያመኛል» ነው የሚለው። ሰሚውም ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ የእውነት ጨጓራውን የሚያመው ሰው የሚናገረው ቃል አልተረፈለትም። አባቴ ደግሞ ይህን ቃል በምንም ቢሆን ሊናገርበት የማይችል አንድ ቤት ነበረው።

ያ ቤት ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለችው በጊምቢቹ የሚገኘው የታላቅ ወንድሙ፣ የአጎቴ የሱላሞ ቤት ነው። ሁለቱ በአያቴ መሬት ድንበር ላይ ስለተተከለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ አንዱ በድንኳኑ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይቀመጡ ነበር። በኋላ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቋቸው። ታናሽየው በየዓመቱ ገና ሲመጣ ከታላቁ ቤት ሄዶ እንዲበላ ተባለ። አባቴ ወንድሙ የማይገደው ሰው አልነበረም። በተኳረፉበት ጊዜ የሱላሞ ስም ሲነሳ ተነስቶ ከቤት ይወጣ ነበር፤ ከእርቁ በኋላ ግን ስሙን ራሱ ያነሳው ጀመር። ያንን እንደገና ማጣት አልፈለገም።

ስለዚህ እኔን ሥራ አስገባኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ወደ መናኸሪያ ስንሄድ እጄን ይዞ ከእማዬና ከወንድሞቼ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀረኝና «ማዕድ ላይ ከጎኔ ተቀመጪ። ሳጎርስሽ ብዪ። ይቺ የእኔና የአንቺ ምስጢር ናት» አለኝ። ዘዴው ቀላል ነው። ከትሪው ይጠቀልላል፣ ወደ እኔ አፍ ያመጣል፤ ደግሞ ይጠቀልላል፣ ደግሞ ያመጣል። በመሐል እጁን ወደ ራሱ አፍ ወስዶ ጣቱን ይልሳል፣ ባዶ አፉን ያላምጣል፣ የቤቱን እመቤት እጅ ያመሰግናል። ሴቶቹ «አባት ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። ወንድሞቼ እኔን ብቻ የሚወድ መስሏቸው ይቀኑብኛል። እኔ ደግሞ እነሱ ውጭ ኳስ ሲራገጡ ሆዴን ይዤ እቀናባቸዋለሁ። ሥራውን አጎቴ ቤት ጀምረን ስለለመድነው ሆሳዕና ላይ የምንገባባቸው ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ሆኑ።

አንዲት እረፍት ብቻ ነበረችን። ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ነስሩ ሙስሊም ናቸው። እኛ የእሳቸውን ሥጋ አንበላም፣ እሳቸውም የእኛን አይበሉም፤ ስለዚህ ቤታቸው ስንገባ የሚቀርብልን ሻይ በወተትና ብስኩት ነው። አባቴ እዚያ በደንብ ይበላል። ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ እየነከረ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደበቅ። ጋሽ ነስሩ ከዚህ ሁሉ ክትፎ ቤት መሐል የእሳቸው ብስኩት ላይ ይህን ያህል መቆየቱ ገርሟቸው «መምህር፣ እኛ ጋ ምን አለ ብለህ ነው?» ይሉታል። «የእርስዎ ቤት ይስማማኛል» ይላቸዋል። ለትሕትና የተናገረው ይመስላቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ነገሩ በቀሚሴ ተበላሸ። እማዬ ያስቆረጠችው ጨርቅ ለወንድሞቼ ሸሚዝ ከተቀደደ በኋላ ለእኔ የቀረው ጥቂት ነበር። ልብስ ሰፊው በተገኘው ልክ ሰፋው፤ ወገቡ ላይ ጠበበኝ። እማዬ ግን «ያምርብሻል፣ ሆድሽን ሳብ አድርጊ» አለችኝ። ሆድን ስቦ የሁለት ሰው ምግብ መብላት እንዴት እንደሚቻል አልነገረችኝም። ሆሳዕና ሁለት ቤት በልቼ፣ በሚኒባስ ተጨናንቄ ጊምቢቹ ስደርስ ትንፋሼ የሚወጣው በግማሽ ነው።

የአጎቴ ሚስት አበበች ለመስቀል የሚሠራውን አተካና ለእኛ ስትል በገናም ትሠራለች፤ ቂቤ፣ አይብና የቡላ ዱቄት አብሮ የበሰለ፣ አንድ ጉርሻው ድንጋይ የሚያህል። ከክትፎው ጋር አቀረበችው። አባቴ ጠቀለለና አጎረሰኝ። ዋጥኩት። ሁለተኛውን እንደምንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ሲመጣ ፊቴን አዞርኩ። የአባቴ እጅ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ጉርሻ እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አፌ አልከፈት አለ።

አጎቴ ሳቀና «እሷ ጠግባለች፣ አንተ ብላው እንጂ» አለው።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «አባዬ አይበላም። እኔ ነኝ የምበላለት» አልኩ።

አጎቴ እጁን ከትሪው ላይ አነሳ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ትምህርት ቤት የተጠየቁትን በትክክል መመለስ ነው የለመድኩት፤ «ከታረቃችሁ ጀምሮ» ብዬ መለስኩለት።

የአጎቴን ፊት አሁንም አልረሳውም። አልተቆጣም፤ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነ። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረውን ቃል ያኔ ተናገረው። «ጨጓራዬን ያመኛል፣ ሱላሞ» አለ። አጎቴ «እሺ» ብቻ አለ። አባቴ ያንን እሺ ሰማና በእጁ የያዘውን ጉርሻ ራሱ በላው። ከዚያ ሌላ ጠቀለለ። ክትፎውን ከነሚጥሚጣው፣ አተካናውን ከነቂቤው፣ ከእሱ በኩል ያለውን ትሪ እስኪነጣ ድረስ በላ። እማዬ ቀሚሷን ጨብጣ ታየዋለች። እኔ እያንዳንዱን ጉርሻ ቆጠርኩ፤ አስራ አንድ ነው። በልቶ ሲጨርስ አመስግኖ እጁን ታጠበ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ግንባሩን ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ደፍቶ ነው ሆሳዕና የደረሰው። በማግስቱ ደም አስታወከውና ሆስፒታል ገባ።

ገደልኩት ብዬ ነው ያሰብኩት። ለማንም አልነገርኩም። አጎቴ በሦስተኛው ቀን ፔርሙዝ አንጠልጥሎ ሆስፒታል መጣ። አበበች ያፈላችው አጥሚት ነው። በሩ ላይ ትንሽ ቆመና «ሰውዬ፣ ልትሞትብኝ ነው እንዴ የበላኸው?» አለው።

«አንተ ቤት መግባቴ እንዳይቀር ነው» አለ አባቴ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አሰበበት። «አላምንህም ነበር» አለ። ከዚያ በፔርሙዙ ክዳን እየቀዳ አጠጣው። አንዱን ሲጨርስ «ይጨመርልህ» እያለ፣ እንደ ልማዱ መልስ ሳይጠብቅ እየጨመረ።

አባቴ ዳነ። ወሬው ሆሳዕናም ጊምቢቹም ተዳረሰ። በሚቀጥለው ገና በገባንበት ቤት ሁሉ ለሰው ክትፎ፣ ለመምህር ሀንዲኖ አጥሚት ይቀርብ ጀመር። «እንደ አራስ አደረጋችሁኝ» እያለ ያማርር ነበር፤ ግን ሳይደበቅ ይጠጣ ነበር፣ ፊቱ ላይም አይቼ የማላውቀው ዓይነት ደስታ ይታይ ነበር። እኔ ከሥራዬ ተሰናበትኩ። የዚያን ዕለት እንደ ልቤ ሮጥኩ፣ ከወንድሞቼ ጋር ኳስ ተራገጥኩ፣ ቀሚሴን ቀደድኩ። ከአባቴ ቀኝ ማን እንደተቀመጠ አላየሁም። ከዚያ ወዲያ በገና ዕለት አጉርሶኝ አያውቅም፤ የሚያጎርስበት ምክንያት አልነበረውም። በዓመት አንድ ቀን እሱና እኔ ብቻ የምናውቀው ነገር እንደነበረን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ለካ ሳማርር የኖርኩት በዚያው ነገር ነበር።

አባቴ ካረፈ ይህ ሦስተኛው ገና ነው። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ሰው ጠንካራ ናት አለኝ። ጠንካራ አይደለሁም፣ ደንዝዤ ነው። ቅመም አይታወቀኝም፣ በዓል አይታወቀኝም። እማዬ ካልሄድን ስላለች ብቻ ዘንድሮም ጊምቢቹ ሄድን። አሁን ሁሉም ሰው በየራሱ ሳህን ነው የሚበላው። መብላት ያልፈለገ «ዳይት ላይ ነኝ» ይላል፣ ማንም ቂም ነው ብሎ አይጠረጥረውም፣ ማንም አይለምነውም። የፕላስቲኩ ዛፍ ከነአምፖሉ ያዜማል። ከልጅነቴ የተመኘሁት ገና ይኸው መጣልኝ፤ ሳህኔን ሳልነካው ተቀምጬ ነበር፣ የተናገረኝም የለም።

አበበች እንደ አምናውና እንደ ካቻምናው ሁሉ አጥሚት በኩባያ ይዛ መጣችና አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ፊት አስቀመጠች። ቦታው ባዶ ነው። ከአጎቴ የልጅ ልጆች አንዷ «ለማን ነው?» ስትል አጎቴ «ለማንም» አላት። ዓይኑ ደክሟል፣ አእምሮው ግን ደህና ነው። «እንደማይመጣ እናውቃለን። እጃችን ለምዶ ነው» አለ። ያለፉት ሁለት ዓመታት አጥሚቱ እዚያው በርዶ፣ ሰው ሲበተን ይደፋ ነበር። ተነስቼ በአባቴ ቦታ ቀኝ ተቀመጥኩና ኩባያውን ወደ እኔ ሳብኩት። ትኩስ ነበር፣ ትንሽ ጨው በዝቶበታል። ወደ ሆዴ ሲወርድ ታወቀኝ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁለት።

አጎቴ ባዶው ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማና ወደ እኔ ዞረ። «ይጨመርልሽ?» አለኝ።

«ይጨመርልኝ» አልኩት።