የፔጆው ወንበርና የሙሽራዋ ቅቤ

ባሌ ዘመዱ ሽታ አይሰማውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የመጣብን ጉድ ሁሉ ከዚሁ ስለተነሣ ነው። ናታንያ፣ ፖሌግ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የሶፋ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሠራ ሙጫው አፍንጫውን ገደለው። ወጥ ቢያርር አያውቅም፣ ጋዝ ቢከፈት አያውቅም። አንድ ቀን የተበላሸ ወተት በብርጭቆ ግጥም አድርጎ ጠጥቶ «የዛሬው ወተት ወፈር ብሏል» አለኝ። እኔ እልፍነሽ ከርሱ ጋር አርባ ዓመት ስኖር ግማሹን ዘመን አፍንጫው ሆኜ ነው የኖርኩት።

እጅ ግን አለው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አገር ቤት፣ ጎንደር፣ አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ልጓምና እርካብ ይሠራሉ። ዘመዱ ደግሞ ገና ጎረምሳ ሳለ ኮርቻ ሰፊ ነበር፣ በወስፌና በጅማት። በቅሎዋ ታረጃለች እንጂ የዘመዱ ስፌት አይተረተርም ይባልለት ነበር። በሱዳን አድርገን እዚህ ቅድስት አገር ከገባን በኋላ ፋብሪካው ሲቀጥረው «መስፋት እችላለሁ» ቢላቸው፣ አለቃው ስቆ ምን ሰጠው መሰላችሁ? ፒንሳ! ካረጀ ሶፋ ላይ የሽቦ ምስማር ንቀል አለው። ነቀለ፣ ነቀለ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ነቀለ። አንድ ቀን እንኳ ስፌት መኪና ላይ አላስቀመጡትም። «ምነው፣ አፍ የለህም? ለምን አትናገርም?» ስለው «እንጀራችን ነው፣ እልፌ» ይለኛል። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሸኙት፤ ሰዓቱም በወሩ ቆመ።

በፈረንጆች 2015 ልጃችን ኦፍሪ የጎረቤት ከተማ፣ የቴል ሞንድ ልጅ ወደደች፣ ኖአም የሚባል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ አይንካው። ቤተሰቦቹ ከሊቢያ የመጡ ናቸው። ለእጮኝነቱ ቤታቸው ተጠርተን ሄድን። የኖአም አያት ድምፃቸው ጎርናና የሆነ፣ ዱሮ ብርቱካን ሲያለሙ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤቱ ሁሉ ሳባ ክሊፋ ይላቸዋል። ሳባ ማለት በዕብራይስጥ አያት ነው። ጓሯቸው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነጭ ፔጆ 404 አቁመዋል፣ የስድሳ አምስት ሥሪት። የፊቱ መቀመጫ እንዳሁኖቹ መኪና ለሁለት የተከፈለ አይደለም፤ እንደ መደብ ወጥ ነው፣ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ወደ ቤታቸው የምትገባ ሙሽራ ሁሉ ወደ አዳራሹ የምትሄደው በዚያ መኪና ነው። ሳባ ክሊፋ ይነዳሉ፣ ሙሽራዋ መሐል፣ አባቷ ዳር። የቤቱ ወግ ይኸ ነው።

ወንበሩ ግን ወንበር አልነበረም። ቆዳው በፀሐይ ደርቆ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ባንድ በኩል ሞላው አፍጥጦ ወጥቷል። የኖአም እናት ሚሬት «ዘንድሮስ ሌላ መኪና እንከራይ» አለች። ሽማግሌው ፊታቸው ጨለመ። ይኼኔ የኔ ዘመዱ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሻዩ ስኳር አነሰው ብሎ እንኳ የማያውቀው ሰውዬ፣ «እኔ እሰፋዋለሁ» አለ። ሁሉም ዞር ብሎ አየው። እኔም አየሁት። ሳባ ክሊፋ ጣታቸውን አንሥተው «ስፋ። ቆዳው ግን ያው የመኪናው ይሁን። አዲስ ቆዳ ካየሁበት አልነዳውም» አሉ። ዘመዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እሺ አለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ይኸን ካበላሸሁት፣ እልፌ፣ ያ አለቃ ልክ ነበረ ማለት ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው። እጁን ያዝኩት።

ወንበሩን ኖአም በጭነት መኪና አምጥቶ ሰፈራችን ራማት የዲዲም፣ ከሕንፃችን ሥር ካለው ሚቅላት አስገባልን። ሚቅላት ሮኬት ሲመጣ የምንደበቅበት ነው፤ ሰላም ሲሆን ብስክሌት ይከማችበታል። ዘመዱ ሦስት ሳምንት እዚያ ከተመ። ስፌቱን በምላጭ እየፈታ ቆዳውን እንደ አራስ ልጅ ቀስ ብሎ አወጣው። ውስጡ የተጠቀጠቀውን የፈረስ ፀጉር አራግፎ አጠበ፤ የዛገውን ሞላ ፈትጎ አንድ በአንድ በገመድ አሰረ። ሲሰፋ ደግሞ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፤ ያረጀ ቆዳ ሁለት ጊዜ ከተበሳ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ከሃምሳ ዓመት በፊት መርፌ የገባባትን ቀዳዳ እየፈለገ፣ በዚያችው በወስፌው ይገባል፣ ይወጣል። ምሳ ይዤለት ስወርድ ሰውዬው ያንጎራጉራል! አርባ ዓመት ስኖር ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም ነበር። በር ላይ ቆሜ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አዳመጥኩት።

ቆዳው ብቻ አልለሰልስ አለው። የሱቁን ቅባት ቢቀባው ላዩ አብለጨለጨ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ሊወጥረው ሲል ይንጣጣል።

አሁን የኔን ቅቤ ላንሣ። በፋሲካ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ብዙዓየሁ ጎንደር ደርሳ መጥታ ነበር። ለጋ ቅቤ አመጣችልኝ። በአደስ ለውሼ፣ ሁሙስ በሚሉት የሽምብራ ማባያ ባዶ ዕቃ ከትቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ለሙሽራዬ። በኛ ቤት ሙሽራ አናቷን ቅቤ ሳትቀባ አትወጣም፤ እኔን እናቴ ቀብታኛለች፣ እናቴን እናቷ። ኦፍሪን ብነግራት «ኢማ፣ ዳይ! ቅቤ? ፀጉር ሠሪዋ እኮ ታባርረኛለች!» አለች፤ እማዬ፣ በቃ ማለቷ ነው። ሳቀች ደግሞ። እኔ አልሳቅኩም። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ ስትጠይቀኝ ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሰኝ አልኳት። ቅቤውን ግን አልጣልኩትም፤ ማን ያውቃል፣ ልቧ ቢመለስስ ብዬ።

ሠርጉ ማክሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት ጎረቤቴ ሻሺ በሬን ደበደበችው። «እልፍነሽ፣ ነይ ውረጂ! የናታንያ ድመት ሁሉ ሚቅላቱ ደጅ ተሰብስቧል!» እውነቷን ነው፤ ከሃያ አያንሱም፣ በሩን ይቧጥጣሉ። እያባረርኩ ገባሁ። ሽታው ገና ከደጁ ተቀበለኝ። ቅቤ! ለጋ ቅቤ በአደስ! ዘመዱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እስከ ክርኑ ወዝቶ፣ ፊቱ በርቶ ቆሟል። ባዶው የሁሙስ ዕቃ እግሩ ሥር ወድቋል።

«ነይ ዳስሺው፣ እልፌ! ለሰለሰ!» አለኝ። «አንቀልባ በምን ነበር የምናለሰልሰው? በቅቤ! ዓርብ ከሰዓት ቀባሁት፣ ሰንበት ሳይገባ ዘጋሁበት። በዚህ በኦገስት ሙቀት ሰንበቱን ሙሉ ሲጠጣ ዋለ። ዛሬ ወጠርኩት፤ ይኸው፣ አልቋል!»

«አንተ ሰውዬ! ያ የልጄ የአናቷ ቅቤ ነው!»

ኩም አለ። «ተራ ቅቤ መስሎኝ... ሽታም አልነበረውም።»

«ላንተ ነዋ የሌለው!»

አፌ ሊያቆም አልቻለም። ከጎንደር ድረስ የመጣ ቅቤ፣ እናቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሁሉንም ቆጠርኩለት። እሱ ግን መስማቱን ትቶ ወንበሩን ያያል። ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣና መቀመጫው ላይ ጫን አድርጎ አነሣው። መሐረቡ ላይ ቢጫ ክብ ቀርቷል። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ያሰብነው። ነጩ ቀሚስ! ከነገ ወዲያ ልጃችን ነጭ ቀሚስ ለብሳ በዚህ ላይ ልትቀመጥ ነው።

ዘመዱ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። «አበላሸሁት» አለ። «አለቃው ልክ ነበረ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ወገቤን ታጠቅኩና «ተነሥ! ገና ሁለት ቀን አለን» አልኩት። ዱቄት ነሰነስን፣ ጠረግን። ሎሚ ቀባን፣ የቤቱን ሶፍት ሁሉ ጨረስን። አውጥተን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ይባስ ወዛ። ሻሺ የውሃ ጎማ ይዛ ድመት ስታባርር ዋለች፤ እግዜር ይስጣት። ለብዙዓየሁ ስልክ ደውዬ መላ ብላት ሳቋ አላስጨርስ አላት። «ሠርጉ የሥጋ ነው፣ ሙሽራዋ ግን ሃላቪ ሆነችላችሁ!» አለችኝ። ሃላቪ እንግዲህ ወተት ነክ ማለት ነው፤ በኛ በአይሁዶች ሕግ ሥጋና ወተት ባንድ ገበታ አይቀርብም። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ሰኞ ማታ ዘመዱና ኖአም ወንበሩን እንደወዛ ወስደው ፔጆው ውስጥ ገጠሙት።

ማክሰኞ ከሰዓት ፔጆው በአበባ ተሸፍኖ፣ አራቱም መስኮት እስከ ታች ተከፍቶ ሰፈራችን ደረሰ። ሳባ ክሊፋ ወረዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።

«ዘመዱ!» አሉ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ። «ፔጆ ሰጠሁህ፣ ላም መለስክልኝ!»

ዘመዱ አንገቱን ደፋ። «ቅቤ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ውሸት አያውቅበትም።

ሽማግሌው በሩን ከፈቱና ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። መዳፋቸውን ተጭነው ለቀቁት፤ መቀመጫው ቀስ ብሎ ተመለሰ። ቆዳው ያው የጥንቱ ቀይ ቡኒ ነው፣ አንድ አዲስ ቀዳዳ የለበትም። ወደ ዘመዱ ዞሩ። «ፋብሪካው ውስጥ ምን ነበር ሥራህ?» አሉት።

«ምስማር መንቀል።»

«አህዮች» አሉ ሳባ ክሊፋ። ማንን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ዘመዱ ቀና አለ።

የቀሚሱ ጭንቀት ግን አልቀረልንም። እኔ ናይሎን አንጥፌ፣ በላዩ ደግሞ የታጠፈ አንሶላ ደርቤ አዘጋጅቻለሁ። ዘመዱ ናይሎን አይወድም፤ ሰው ሶፋ ገዝቶ ናይሎን ሲያለብስ «ታዲያ ለምን ተሰፋ?» ይላል። ዛሬ ግን ራሱ ናይሎኑን ጎትቶ አስተካከለ። ያን ሁሉ ጥልፍልፍ ስፌት በገዛ እጁ ሸፈነው። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

ኦፍሪ ከደረጃው ወረደች። ዓይኔን በዓይኔ አየሁ፤ እንዴት አምራለች! ሁሉንም ነግረናታል፣ ናይሎኑንም ታውቃለች። በሩ ጋ ቆመች። አንሶላውን አየች፣ አባቷን አየች።

«አባ፣ ከሥሩ ያለው አንተ የሰፋኸው ነው?»

«አዎ፣ ልጄ።»

አንሶላውን ጎትታ ለኔ ሰጠችኝ። ናይሎኑን ገፈፈችው። «ኦፍሪ! ቀሚስሽ!» ብዬ ጮህኩ። «ኢማ፣ ተዪኝ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ መሐል ላይ ዘጭ አለች። ወንበሩ ለሰስ ብሎ ተቀበላት። «አባ፣ ና ግባ እንጂ፣ እናረፍዳለን» አለችው። ዘመዱ ገብቶ ጎኗ ተቀመጠ፣ በሩን ዘጋ። ሲሄዱ ከኋላቸው ሁለት ድመት እስከ መታጠፊያው ሮጠ።

አዳራሹ ውስጥ ሑፓው ሥር፣ ሙሽሮቹ በሚጋቡበት ዳስ፣ እኔና ዘመዱ ከኋላዋ ቆመናል። ከወገቧ በታች፣ ነጩ ሳቲን ላይ፣ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቢጫ ቦታዎች ወጥተዋል። ሰው ሁሉ ያያል። ሚሬት ሻርፕ ይዛ ልትሸፍናት ብትመጣ ኦፍሪ በዓይኗ መለሰቻት። ሙቀቱ ደግሞ ቅቤውን ቀስቅሶታል። አደሱ ከልጄ ላይ ተነሥቶ መጣብኝ። እናቴ በቀባችኝ ቀን ጎጆው ውስጥ የነበረው ሽታ ነው፣ ያው ራሱ። አናቷን የከለከለችኝ ልጅ በቂጧ ተቀባች! ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ሽንኩርትም የለ።

ዘመዱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። ጨንቆታል።

«እልፌ፣ ይሸታል?»

«ይሸታል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«ሙሽራ ሙሽራ» አልኩት።